መተማ ላይ ያሸነፈው ማን ነው? የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሕይወትና እልባት ያጣው ክርክር

ገርጂ መብራት ኃይል አካባቢ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምንሰበሰብባት አንዲት ጀበና ቡና ቤት አለች። የምንቀመጠው ዱካ ላይ ነው። ወሬያችን ከኳስ ይጀምርና በኑሮ ውድነት በኩል ዞሮ ዞሮ መጨረሻው ታሪክ ይሆናል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ወደ ማኅበራችን አንድ ሱዳናዊ ጎረቤት ተቀላቅሏል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ቤተሰቡን ይዞ በመተማ በኩል የገባ፣ ዕድሜው ወደ ስድሳ የሚጠጋ ጨዋ ሰው ነው። አማርኛው ገና ቢሆንም በአረብኛና በእንግሊዝኛ እየደጋገፈ ያወጋናል።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ስለ ስደት ጉዞው ሲያጫውተን፣ የመተማን ኬላ ሲሻገር ትዝ ያለው ልጅ ሳለ በትምህርት ቤት የተማረው ነገር እንደነበር ነገረን። ያ ቦታ አያቶቹ የሐበሻን ንጉሥ ድል ያደረጉበት ነው ተብሎ ነበር የተማረው። ሰውየው በክፋት አልተናገረውም። ጠረጴዛው ግን ጸጥ አለ። ቀጥሎ ሁላችንም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመርን። ጎንደሬው ጋሼ ምሽጉን ሰብረን ገብተን እንደነበር፣ አንዲት ጥይት ባትቀድም ኖሮ ድሉ የእኛ እንደነበር አስረዱ። አንዱ ወጣት ደግሞ ድሉ የእኛ ነው ብሎ ደረቀ። ሱዳናዊው ጎረቤታችን ፈገግ ብሎ በጦር ሜዳው ላይ የቀረው ማን እንደሆነ፣ የንጉሡም ራስ ወደ የት እንደተወሰደ ብቻ ጠየቀ። ለዚህ መልስ የሰጠ አልነበረም።

እኔ ራሴ ለዓመታት መተማን ሳነሳ በልቤ እንደ ግማሽ ድል ነበር የምቆጥረው። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ለሚቀጥለው ቅዳሜ የሰውየውን ሕይወት ከመጀመሪያው ጀምሬ ለማውጋት ቃል ገባሁ። ለእናንተ ለአንባቢዎቼም የማቀርበው ያንኑ ነው። ቀኖቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ካሳ ምርጫ በሐምሌ 1829 ዓ.ም. በተምቤን ማይ በሃ ተወለዱ። አባታቸው ሹም ተምቤን ምርጫ፣ እናታቸው ደግሞ ከእንደርታ ባላባቶች የሚወለዱት ወይዘሮ ስላስ ድምፁ ናቸው። በትውልድ ሐረጋቸው ከራስ ሚካኤል ስሑል፣ ከራስ ወልደ ሥላሴና ከደጃዝማች ሰባጋዲስ ጋር ይገናኛሉ። የፈረስ ስማቸው አባ በዝብዝ ነው። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ባላምባራስ ተብለው ተሹመው ነበር፤ ኋላ ግን ሸፈቱ። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት መንገድ ሰጡት፣ ስንቅም አቀረቡለት። እንግሊዞችም ሲመለሱ መድፍና ጠመንጃ ከነጥይቱ ትተውላቸው ሄዱ። ይህን ነገር እስከ ዛሬ የሚያነሱባቸው አሉ። እሳቸው ግን በዚያ መሣሪያ ጦራቸውን አደራጁ፣ ኪርካም የሚባል እንግሊዛዊም ወታደሮቻቸውን አሠለጠነላቸው።

አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲያርፉ ዘውዱን የጫኑት የላስታው ዋግሹም ጎበዜ ነበሩ። አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተባሉ። የካሳን እኅት ወይዘሮ ድንቅነሽን ያገቡ በመሆናቸው ሁለቱ ሰዎች አማቾች ነበሩ። ሥልጣን ግን አማችነትን አያውቅምና ሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ አሳም በተባለ ቦታ ተጋጠሙ። የተክለ ጊዮርጊስ ጦር በቁጥር እጅግ ይበልጥ ነበር። ሆኖም ንጉሠ ነገሥቱ ቆስለው ሲማረኩ ያ ሁሉ ሠራዊት ተበተነ። ካሳም ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ቅብዓ መንግሥት ተቀብተው ዮሐንስ 4ኛ፣ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ተባሉ። እዚህ ላይ አንባቢዬ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ በአሳም ሜዳ ድሉ የተወሰነው በሠራዊት ብዛት አልነበረም፣ የአንድ ሰው መውደቅ ነው የወሰነው። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

ዘውዱ ገና ሳይሞቅ የግብጽ ነገር መጣ። ከዲቭ እስማኤል የአባይን ምንጭና የቀይ ባሕርን ዳርቻ በአንድ ለመጠቅለል አስበው በአውሮፓና በአሜሪካ መኮንኖች የሚመራ ጦር ላኩ። ኅዳር 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ አረንድሩፕ የተባለው የዴንማርክ ተወላጅ የመራው ጦር ተደመሰሰ፣ እሱም እዚያው ቀረ። ግብጾች በቀል ብለው ከፊተኛው የበለጠ ጦር በራቲብ ፓሻ አዝማችነት፣ በአሜሪካዊው ጄኔራል ሎሪንግ አማካሪነት ላኩ። እሱም በየካቲት ማብቂያና በመጋቢት መግቢያ 1868 ዓ.ም. ጉራዕ ላይ ተሰበረ። ይህ ድል ማንንም አያከራክርም። ሆኖም ከድሉ በኋላ እንኳ ግብጽ ምጽዋንና ቦጎስን አልለቀቀችም። አፄ ዮሐንስ ጦርነት ማሸነፍና የተዋጉለትን ነገር ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተማሩት ያኔ ይመስለኛል።

በአገር ውስጥ ከቀድሞው ንጉሥ ለየት ያለ መንገድ ያዙ። አፄ ቴዎድሮስ ባላባቱን ሁሉ አንበርክከው በአንድ እጅ ሊገዙ ሞክረው ነበር። አፄ ዮሐንስ ግን ንጉሥነታቸውን እስካወቁላቸው ድረስ ሌሎች ነገሥታትን ለመቀበል ፈቃደኛ ነበሩ። በ1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ የሸዋው ምኒልክ ገቡላቸው፤ እሳቸውም የንጉሥነት ዘውድ አጸኑላቸው። በ1873 ዓ.ም. ደግሞ ራስ አዳል ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው በጎጃም ነገሡ። ለዚያ ዘመን ይህ ብልህ አስተዳደር ነበር።

በሃይማኖት ነገር ግን ይህ ብልሃት አልተገኘባቸውም። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የቤተ ክርስቲያኑን የሃይማኖት ክርክር ከዘጉ በኋላ የወሎን ሙስሊሞች በግድ ወደ ማጥመቅ ዞሩ። መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሆኑ። ብዙ ሕዝብ ግን ተሰደደ፣ ብዙም ደም ፈሰሰ። የሚገርመው በወጣትነታቸው ያገቧት ባለቤታቸው ጥበበ ሥላሴ ከአፋር ሙስሊሞች የተወለደች መሆኗ ነው። እሷ ከሞተች በኋላ ሌላ ሚስት አላገቡም። ይህን የወሎውን ነገር ስናገር ከመካከላችን የወሎ ልጅ የሆነው አንዱ ራሱን ነቀነቀ። ጀግና ስለሆኑ ብለን የምንዘለው ገጽ ሊኖር አይገባም።

አሁን ወደ ሱዳን እንምጣ። በሱዳን መሐመድ አሕመድ የተባሉ ሰው ማሕዲ ነኝ ብለው በግብጽ አገዛዝ ላይ ተነሡ። ጥር 1877 ዓ.ም. ካርቱምን ያዙ፣ እንግሊዛዊው ጎርደንም ተገደለ። እንግሊዝ ከዚያ በፊት ሰኔ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ውል ተፈራርማ ነበር። በአድሚራል ሂወት ስም የሚታወቀው ውል ነው። በዚህ ውል ኢትዮጵያ በማሕዲስቶች የተከበቡትን የግብጽ ወታደሮች በግዛቷ አሳልፋ ወደ ምጽዋ ልታወጣ፣ በለውጡ ቦጎስ ሊመለስላትና በምጽዋ ወደብ በኩል ዕቃዋ በነጻ ሊያልፍ ተስማሙ።

አፄ ዮሐንስ ቃላቸውን ጠበቁ። ግብጾቹ በኢትዮጵያ በኩል ወጡ። ራስ አሉላም መስከረም 1878 ዓ.ም. ኩፊት ላይ ከዑስማን ዲግና ጦር ጋር ተዋግተው አሸነፉ፤ ድሉ ግን በብዙ ሕይወት የተገኘ ነበር። ሊደርሱላት የወጡት ከሰላ ደግሞ ቀድማ ወድቃ ነበር። እንግሊዞችስ? ውሉ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በ1877 ዓ.ም. ጣሊያን ምጽዋን ስትይዝ ፈቃደኛነታቸውን ሰጡ። እንግዲህ ኢትዮጵያ ለሰው ብላ ከሱዳን ጋር ደም ተቃባች፤ በሩን ግን ሌላ ሰው ገባበት። የመተማ ነገር ሥሩ እዚህ ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች የተጣሉት የሌላውን ዕዳ በመክፈል ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየከፋ ሄደ። ጥር 1879 ዓ.ም. በአንድ ወር ውስጥ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ አምስት መቶ ያህል የጣሊያን ወታደሮችን ደመሰሱ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ደግሞ መተማን አጥቅተው አዛዡን ወድ አርባብን ገደሉ፣ ከተማዋንም አቃጠሉ። የማሕዲው ተተኪ ኸሊፋ አብዱላሂ አቡ አንጃን በትልቅ ጦር ላኩ። ጥር 1880 ዓ.ም. አቡ አንጃ ሳር ውሃ ላይ የጎጃምን ጦር ሰብሮ ጎንደር ገባ። አብያተ ክርስቲያናቱ ተቃጠሉ፣ ሕዝቡም እየተነዳ ለባርነት ተወሰደ። ጋሼ ይህን ከቅድመ አያታቸው የሰሙትን ይመስል ነው የሚናገሩት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዷ ናት።

በዚያው ሰሞን አፄ ዮሐንስ የዶጋሊን ውርደት ሊበቀል ከመጣው ከሃያ ሺህ የማያንስ የጣሊያን ጦር ጋር ሰሐጢ ላይ ተፋጠው ነበር። ጣሊያኖቹ ከምሽጋቸው አልወጡም። የአፄው ስንቅ ደግሞ አለቀ። ሳይዋጉ ተመለሱ። ሰኔ 1880 ዓ.ም. ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ ሞተባቸው። ምኒልክና ተክለ ሃይማኖት በምስጢር እንደተማማሉባቸውም ሰሙ። ከሰሜን ጣሊያን፣ ከምዕራብ ደርቡሽ፣ ከደቡብ የገዛ ነገሥታቶቻቸው ከበቧቸው። ንዴታቸውን ያወረዱት ጎጃም ላይ ነው። በ1881 ዓ.ም. መግቢያ ጦራቸው አገሩን ዘረፈው፣ አጠፋው። ጎጃሜው ወዳጃችን እዚህ ላይ አቋርጦኝ፣ በእነሱ አገር የአፄ ዮሐንስ ስም ሲነሳ መጀመሪያ የሚታወሰው መተማ ሳይሆን ይህ ዘመቻ እንደሆነ ነገረን። ትክክል ነው አልኩት። ያ አገር ሳር ውሃ ላይ ለኢትዮጵያ ደሙን ባፈሰሰ በዓመቱ በገዛ ንጉሡ ጦር መበዝበዙ ያሳዝናል።

አፄ ዮሐንስ ከዚህ ሁሉ መሀል ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ጽፈው ነበር። የሐሳቡ ፍሬ የሁለታችንም ጠላት ከባሕር ማዶ የሚመጣው ነው፣ እኛ ግን ጎረቤታሞች ነን የሚል ነበር። የመጣላቸው መልስ ግን ስድብና የስለም ጥሪ ነው። በሌላ በኩል አቡ አንጃም እንዲህ የመለሰው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ መተማ ስትቃጠል ያየ፣ የወሎም ስደተኞች የደረሱበት ወገን ነው። አቡ አንጃ ራሱ ጦርነቱ ሳይጀመር ታሞ ሞተ። ቦታውን ዘኪ ቱማል ያዘ።

ወደ ሸዋ ልዝመት ወይስ ወደ መተማ? አፄ ዮሐንስ ለሥልጣናቸው ቢያስቡ ኖሮ ምኒልክን ይቀድሙ ነበር። የመረጡት ግን መተማን ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ጦራቸው በእሾህ አጥር የታጠረውን የደርቡሽ ምሽግ ከበበ። ስለ ሁለቱም ወገን ሠራዊት የሚነገረው ቁጥር እጅግ የተለያየ ስለሆነ አልጠቅሰውም፤ በየወገኑ ብዙ አሥር ሺዎች እንደነበሩ ግን አያጠያይቅም። ከብርቱ ውጊያ በኋላ ኢትዮጵያውያኑ በአንድ በኩል አጥሩን ጥሰው ገቡ። ምሽጉ ውስጥ ያለው ጥይት እያለቀ ነበር። በዚህ ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ተራ ወታደር ፊት ቀድመው ሲዋጉ በጥይት ተመቱ። ወሬው በሠራዊቱ ውስጥ ሲሰማ የገባው ጦር ወጣ፣ ምሽጉን ለቆም አፈገፈገ። ንጉሡ ልጃቸው ራስ መንገሻ ወራሻቸው መሆኑን ተናዘው በማግሥቱ አረፉ።

ደርቡሾች ሲነጋ ያዩት የሚሸሽ ጦር ነው። ያሸነፉ መሆናቸውን ያወቁትም ያኔ ነው። ተከትለው አትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱበት። የንጉሡን አስከሬን ያጀቡት አጎታቸው ራስ አርአያ ድምፁ እዚያው ሲከላከሉ ሞቱ። አስከሬኑ ተማረከ፣ ራሱም ወደ ኦምዱርማን ተልኮ ለሕዝብ ታየ። ዛሬ የአፄ ዮሐንስን መቃብር ልሳለም የሚል ሰው የሚሄድበት የለውም።

እንግዲህ ማን አሸነፈ? ጋሼ ጥይቷ ባትቀድም ኖሮ አሉ። እኔም ለብዙ ዘመን እንዲሁ እል ነበር። ግን ወደ አሳም ልመልሳችሁ። ካሳ ምርጫ ንጉሥ የሆኑት የተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊት ንጉሡ ሲወድቅ ስለተበተነ ነው። ያን ጊዜ ንጉሡ ባይማረክ ኖሮ ያለ የለም። በአሳም ድል ነው ያልነውን በመተማ አጋጣሚ ነው ማለት አንችልም። የእኛ ጦር መሪውና ዓላማው አንድ ሰው ላይ የተሰቀለ ነበር። ዘኪ ቱማል ግን ቢሞት ኖሮ ኸሊፋው ኦምዱርማን ተቀምጠው ሌላ አዛዥ ይልኩ ነበር፤ አቡ አንጃ ሲሞትም ያደረጉት ይኸንኑ ነው። ስለዚህ ጥይቷ ዕድል ብትሆንም ጦሩ በአንድ ጥይት መፍረሱ ዕድል አይደለም። በዚያች ቀን ሜዳው የሱዳናውያን ነበር። ይህን ለጎረቤታችን በሰው ፊት አመንኩለት። ማመኑ ያሰብኩትን ያህል አላመመኝም።

እሱ ደስ ሊለው ሲል ግን ቀጠልኩ። ሜዳውን ያሸነፈ ጦርነቱን አሸነፈ ወይ? ደርቡሾች ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ አውራጃ እንኳ ይዘው አልቆዩም። ብዙ ምርጥ ወታደሮቻቸው መተማ ላይ ቀሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ ወደ ግብጽ የዘመተው ጦራቸው ቶስኪ ላይ ተደመሰሰ። በሱዳን እስከ ዛሬ በስሙ የሚታወሰው ትልቁ ረሃብም የወደቀው ያን ዓመት ነው፤ በእኛም በኩል ክፉ ቀን የምንለው ዘመን ነበር። ድሉን ያገኘው ዘኪ ቱማል ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በገዛ ጌታው ታስሮ በረሃብ ሞተ። በነሐሴ 1890 ዓ.ም. ደግሞ የማሕዲስቱ መንግሥት ራሱ ከረሪ ላይ በእንግሊዝ መትረየስ ፈረሰ።

በእኛ በኩል ደግሞ ንጉሡ በሞቱ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ። ጣሊያን በዚያው ክረምት አስመራ ገባች። በ1882 ዓ.ም. ኤርትራ ብላ ቅኝ ግዛቷን አወጀች። የአፄ ዮሐንስ ጦር ሰሐጢ ላይ ያገዳት ጣሊያን መተማ ላይ አንድም ጥይት ሳትተኩስ መንገዱ ተከፈተላት። በዓድዋ በ1888 ዓ.ም. ብትቆምም ከመረብ ማዶ አልወጣችም። በሌላው ወገን እንግሊዝ ሱዳንን ወረሰች። በግንቦት 1894 ዓ.ም. የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን ውል ከአፄ ምኒልክ ጋር የተዋዋለችውም እሷው ናት። በሁለት ዝሆኖች ጠብ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። መተማ ላይ ግን ዝሆኖቹም ተጎዱ፤ ሣሩን የጋጠው ሌላ ነው።

ይህ የድሮ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ በቡና ይሸኝ ነበር። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ሰዓት የሱዳን ጦር ወደ አልፋሽቃ ሲገባ፣ በሁለቱም አገር የመተማ ስም እንደገና ተነሣ። እዚያ ያሉት ድሮ አሸንፈናችኋል ይላሉ፣ እዚህ ያለነው ጥይት ባትቀድም ኖሮ እንላለን። ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሰው ገበሬ ግን የሚጠይቀው ማን እንዳሸነፈ ሳይሆን የዘንድሮን አዝመራ ማን እንደሚሰበስብ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ካርቱም ስትቃጠል የአሸናፊዎቹ የልጅ ልጆች ነፍሳቸውን ይዘው የመጡት በዚያው በመተማ ነው። የከፈትንላቸውም እኛ ነን። በእኛም ጦርነት ጊዜ ብዙ አሥር ሺህ ወገኖቻችን ተሰደው ሱዳን ገብተው ነበር። ይህን የከፈለና ያልከፈለ ብሎ የሚቆጥር ሰው ካለ የታሪክ ትምህርቱን ጨርሷል ማለት አይቻልም።

አፄ ዮሐንስን በተመለከተ፣ የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው። ወሎ ላይ በደሉ፣ ጎጃም ላይ በደሉ። ጉራዕ ላይ አገር አዳኑ። በመጨረሻም ዘውዳቸውን ከሚያተርፍላቸው ዘመቻ ይልቅ ድንበሩን መርጠው ሞቱ። ለዚህ ክብር የመተማን ሽንፈት ወደ ድል መለወጥ አያስፈልጋቸውም። ሽንፈቱ ካልታመነ ለምን እንደተሸነፍን መጠየቅም አይቻልም፤ ምክንያቱ ደግሞ እርስ በርስ መከዳዳታችንና ሁሉን በአንድ ሰው ላይ መስቀላችን ነበር።

ጎረቤታችን ሁሉንም ከሰማ በኋላ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ነገር ነገረን። በገባ ቀን ኬላውን ተሻግሮ የደረሰባት ከተማ ስሟ ማን እንደሆነ ጠይቆ ነበር። መተማ ዮሐንስ ነው ያሉት። በትምህርት ቤት ራሱ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ሄደ ተብሎ የተማረው ንጉሥ፣ ስሙ በኬላው ላይ ቆሞ ጠበቀው። ያን ሌሊት ለልጆቹ ውኃና ዳቦ የሰጧቸው የዚያች ከተማ ሰዎች ናቸው። ሦስተኛው ቡና ተቀዳ፣ በረካውን ጠጥተን ተለያየን።